ሰሃኑ የእኛ፣ ካርዱ የማን?

ቢሮ ውስጥ «ለወላጆቼ ቤት ዲኤስቲቪ ላስገባ ወይስ ልተው?» ብዬ ሳነሳ የሚገጥመኝ መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፦ «ብሮ፣ በዚህ ዘመን ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው አለ እንዴ?» ሁለተኛው፦ «ለምን ትከፍላለህ? ሰርቨር ያለው ሪሲቨር ግዛና ተገላገል።» ሁለቱንም የሚሉኝ ኮድ የሚጽፉ፣ ደህና ደመወዝ የሚበሉ፣ ቤታቸው ድረስ ፋይበር የተዘረጋላቸው ልጆች ናቸው። ሁለቱም መልስ ያናድደኛል፣ በተለያየ ምክንያት። ሦስተኛ መልስ ደግሞ አለ፣ የሻጩ፦ «ሰው ሁሉ አስገብቷል፣ አንተ ምን ትጠብቃለህ?» እሱ ግን እንጀራው ነው፣ አልፈርድበትም።

ለራሴ ቢሆን ጥያቄው አይነሳም። እኔ ቤት ቴሌቪዥን የለም፣ ሞኒተር ነው ያለው። ጉዳዩ የወላጆቼ ቤት ነው፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ የልብስ ማስጫ ገመድና አንድ ዲሽ። አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑ ረዝሞበታል። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነው። ደጋፊ ስል ማልያ ለብሶ ፎቶ የሚለጥፍ ማለቴ አይደለም፤ ከሥራ በቀጥታ አዲስ አበባ ስታዲየም እየሄደ፣ ቆሎ እየቆረጠመ፣ ዝናብ እየመታው ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። አሁን «አንተ ልጅ፣ ይቺን የኳስ ነገር አስገባልኝ እንጂ» ይለኛል፣ አንዴ በቀልድ፣ አንዴ በቁም ነገር። እማዬ ደግሞ «ያለውስ ምን ጎደለው?» ባይ ናት። ቃናና ኢቢኤስ እስካሉ ድረስ ለእሷ ከሰማይ ሌላ ነገር መውረድ የለበትም።

ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ የዋጋ ጥያቄ አድርጎ ነው የሚያየው። የትኛው ፓኬጅ ስንት ነው፣ የሚከፈለው በወር ነው፣ ዲሹን ማን ይተክላል። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ጽሑፉ እስኪወጣ ድረስ እንኳ ሊቀየር ይችላል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ የኳስ መብት ደግሞ በዶላር ነው የሚገዛው። ሒሳቡን መሥራት ለማንም አይከብድም። ግን የእኔ ክርክር ብሩ በዛ የሚል አይደለም። ለአባዬ ሲሆን ብሩ ይገኛል። ክርክሬ የምንከፍለው ለምን ነገር ነው የሚል ነው።

እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ከባልደረቦቼ ጋር ያለብኝን ሂሳብ ላወራርድ።

«ቴሌቪዥን ሞቷል፣ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚለውን ከአንድ የታሪክ አስተማሪ ብሰማው ዝም እል ነበር። ከመሐንዲስ ስሰማው ግን ያሳፍረኛል። አንድ ጨዋታ ከነእረፍቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ደህና የሚባል ምስል በሰከንድ 3 ሜጋቢት ብንለው አንድ ሰው አንድ ጨዋታ ለማየት 2.7 ጊጋባይት ይበላል። በወላጆቼ ብሎክ ሃያ ቤት ያንኑ ጨዋታ ቢያይ 54 ጊጋባይት መሆኑ ነው፤ አንድ ዓይነት ምስል ለሃያ ቤት ሃያ ጊዜ ተልኮ። ሳተላይቱ ግን 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ምስሉን አንዴ ይለቀዋል፣ በቃ። ሃያ ቤት ቢያየው፣ ሃያ ሚሊዮን ቤት ቢያየው፣ ለእሱ ወጪው ያው ነው። በየስብሰባው «ስኬል ያደርጋል ወይ?» እያልን የምንጠያየቅ ሰዎች በየጣራው ላይ ያለውን፣ እስከ ዛሬ ከተሠሩት ሁሉ በላይ ስኬል የሚያደርገውን ነገር እንደ ኋላቀር ዕቃ እናየዋለን።

ሌላም አለ። ሳተላይቱ ማን እንደሚያየው አያውቅም። ነፃ ቻናል የሚቀበል ተራ ሪሲቨር ወደ ላይ የሚልከው ምንም ነገር የለም። አካውንት የለ፣ ፓስወርድ የለ፣ «ከዚህ በፊት ያዩትን መሠረት በማድረግ» የሚል ነገር የለ። እማዬ የፈለገችውን አይታ ታጠፋዋለች፤ ምን እንዳየች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፣ ምናልባት ጎረቤቷም፣ ድምፁን ስለምትጨምረው። እኛ ለደንበኞቻችን የምንሠራው አፕ ሁሉ ተጠቃሚው የት ጋ ጣቱን እንዳሳረፈ ሳይቀር ይመዘግባል። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ኮንፈረንስ ላይ ስናወራ ግን ስለ ዲሽ ትንፍሽ የሚል ሰው የለም።

ሰኔ 2012ን ደግሞ እናስታውስ። ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለሦስት ሳምንት ገደማም አልተመለሰም። «ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚለው ትውልድ እነዚያን ሳምንታት የት ነበር? ሳሎን፣ ከወላጆቹ ጎን፣ ሪሞት ይዞ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ለመሆኑ ሳተላይትም አይነካም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2014 አረብሳት ሥርጭቱን የሚያፍነው ምልክት የሚመጣው ከኢትዮጵያ ውስጥ እንደሆነ በይፋ ተናግሮ ነበር። ግን አንዱን ለማጥፋት አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃል፣ ሌላውን ለማፈን ኃይልና አንቴና ያስፈልጋል፣ ያፈነውም ማን እንደሆነ ይታወቃል። ልዩነት ነው።

ወደ ሁለተኛው ምክር ልሂድ፣ ወደ «ሰርቨሩ»። ለማታውቁት በአጭሩ፦ የሚከፈልበት ቻናል ምስሉ ከላይ የሚወርደው ተቆልፎ ነው። ቁልፉ በየአሥር ሰከንዱ ገደማ ይቀየራል። ከፍላችሁ የወሰዳችሁት ካርድ ሥራው ያንን ቁልፍ በየጊዜው እያወጣ ለሪሲቨሩ ማቀበል ነው። ሰርቨር የሚባለው ደግሞ የሆነ አገር ያለ የሆነ ሰው አንድ ሕጋዊ ካርድ ይሰካና የሚወጣውን ቁልፍ በኢንተርኔት ለሺህ ሪሲቨር ሲበትን ነው። እንደ ቴክኒክ ካያችሁት ያስቃል፤ 3 ሜጋቢት የሚሆነው ምስል በነፃ ከሰማይ ይወርዳል፣ ከኢንተርኔት የሚያስፈልገው ጥቂት ባይት ብቻ ነው።

ስርቆት ነው፣ አዎ። የራሳችን ሶፍትዌር ተሰብሮ ሲሸጥ የምንጮህ ሰዎች ይህን በኩራት ስናወራ አለመሳቃችን ይገርመኛል። እኔን የሚያናድደኝ ግን ስርቆትነቱ ብቻ አይደለም። ቁልፉን መስበር የሚችሉ ሰዎች ሰብረው ይገባሉ፣ ከገቡ በኋላ ዝም ይላሉ። መናገር የሚችለው፣ መጻፍ የሚችለው፣ ቲክቶክ ላይ ተከታይ ያለው ሰው ሁሉ የራሱን ችግር በአምስት ደቂቃ ፈትቶ ይቀመጣል። ውጭ የሚቀረው እንደ አባዬ ያለው ነው፣ «ሰርቨር» ሲሉት የቡና ቤት አስተናጋጅ የሚመስለው። በሩ ለምን ተቆለፈ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዲህ ነው የጠፋው።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ።

የኢትዮጵያ ቤተሰብ ሰሃን ማዞር እንግዳው አይደለም። አንዴ አዙሯል። ብዙዎቻችን ያደግነው ናይልሳት ላይ ነው፤ 7 ዲግሪ ምዕራብ። ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ምዕራብ፣ ከአድማሱ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ። የእኔ እኩዮች የሆሊዉድን ፊልም ያየነው በኤምቢሲ 2፣ ከሥሩ አረብኛ እየተጻፈበት ነው። አንድም ቃል አረብኛ ሳናውቅ የሰብታይትሉን ቅርጽ በዓይናችን ለምደነዋል። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ተሰባስበው ኤስ.ኢ.ኤስ ከሚባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተስማሙና ኢትዮሳት መጣ፤ ኤን.ኤስ.ኤስ 12 በምትባለው ሳተላይት ላይ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ሰሃኑ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረበት፣ ከፍታውም ወደ 66 ዲግሪ መቃናት። ከፍ ያለ ሳተላይት ማለት ምልክቱ በደመናና በዝናብ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ያጥራል ማለት ነው፣ ለክረምታችን የተሻለ ነው። ይህን ለማንም አላስረዳሁም፣ የጠየቀኝም የለም። ሰው ያዞረው ጣቢያዎቹ ወደዚያ ስለሄዱ ነው።

ያን ሰሞን ዲሽ ሠሪዎች ከጣራ ጣራ ሲዘሉ ነው የከረሙት። አንዱ ወላጆቼ ቤት መጥቶ ያለ ኮምፓስ፣ ያለ ምንም መለኪያ፣ በፀሐይዋና ከፊት ለፊት ባለው የውሃ ታንከር ገምቶ በሦስት ደቂቃ አገኘው። እኔ በስልኬ አፕ ስሠራው የነበረውን ሒሳብ አይቶ «ይቺ ለትምህርት ቤት ጥሩ ናት» አለኝ። ኤምቢሲን ያልጨከነበት ደግሞ በአንዱ ሰሃን ላይ ሁለት ኤል.ኤን.ቢ. አሰክቶ፣ ወይ ሁለተኛ ሰሃን ተክሎ ሁለቱንም ያዘ።

ይህን የማነሳው ለትዝታ አይደለም። አንድ ነገር ስላሳየን ነው፦ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ሲስማሙ ሕዝቡ ሰሃኑን በራሱ ወጪ አዙሮ ይከተላቸዋል፤ ወርሃዊ ክፍያ ሳይኖር፣ ካርድ ሳይኖር፣ መታወቂያ ሳይጠየቅ። ዛሬ ሰሃን ያለው ቤት ሁሉ በዚህ ነፃ መድረክ ተገናኝቷል። መሠረተ ልማቱን የገዛው መንግሥት አይደለም፣ ኩባንያም አይደለም፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ነው። ሰሃኑ የእኛ ነው።

ኳሱስ?

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የቴሌቪዥን መብት በ2013 የውድድር ዘመን ለአምስት ዓመት ለሱፐርስፖርት ተሸጠ። በወቅቱ የተዘገበው ዋጋ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሱፐርስፖርት የመልቲቾይስ ነው፣ መልቲቾይስ ማለት ዲኤስቲቪ ማለት ነው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም ጆሃንስበርግ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፈረንሳዩ ካናል ፕላስ ጠቅልሎ ገዝቶታል። እንግዲህ ቡናና ጊዮርጊስ ሲጋጠሙ አባዬ ሳሎኑ ቁጭ ብሎ ማየት መቻሉን የሚወስነው ቢሮ ነገ የት እንደሚሆን እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።

ነገሩን ይበልጥ ያባባሰው ምን መሰላችሁ፣ ስታዲየሙም መዘጋቱ ነበር። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ፤ ሊጉ ከዚያ ዘመን ወዲህ ክለቦቹን በአንድ ከተማ እየሰበሰበ፣ የተወሰነ ሳምንት እዚያ እያጫወተ፣ ወደ ሌላው ከተማ ይሻገር ጀመር። ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። መነሻው ኮቪድ ነበር፣ ለቀረጻም ይመቻል፤ ካሜራና መኪና ከከተማ ከተማ በየሳምንቱ አይጓዝም። ለአዲስ አበባ ደጋፊ ግን ክለቡ ከሜዳም ከሳሎንም በአንድ ላይ ራቀበት። ለዘመናት በእግሩ ሄዶ ያየውን ቡድን ለማየት ወይ የአውቶቡስ ትኬት መቁረጥ ወይ ካርድ መሙላት ነበረበት። ይህን ዋጋ «የዕድገት ዋጋ» ብለው የነገሩኝ አሉ። ያደገው ምኑ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ከዚያ በፊት ገነት አልነበረም። ድሮ ሁሉም ጨዋታ በነፃ ይታይ ነበር የሚል ካለ አትመኑት። አልፎ አልፎ ነበር የሚታየው፣ ምስሉም አንድ ካሜራ ከላይ፣ አንዳንዴ ኳሷ ራሷ የት እንዳለች የማይለይበት። ክለቦቹ ከቴሌቪዥን የሚያገኙት ገንዘብ ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ከውሉ በኋላ ገንዘብ ገባ፣ የካሜራው ቁጥር በዛ፣ ኮሜንታሪው በአማርኛ ሆነ። ይህን መካድ ድርቅና ነው። «ዝቅተኛው ፓኬጅ ላይ ታየዋለህ፣ ምን ትነጫነጫለህ?» የሚሉኝም አሉ። ዝቅተኛው ፓኬጅ ግን የእኔ ዝቅተኛ ነው። ከአባዬ ጋር ስታዲየም ይሄዱ የነበሩት ጓደኞቹ መሃል ጥበቃ አለ፣ ጫማ ሰፊ አለ፣ በጡረታ አራት ነፍስ የሚያስተዳድር አለ። ለነሱ በየወሩ የሚታደስ ነገር ሁሉ ከፍተኛ ነው። የሚከፈልበት ነገር ደግሞ ባህሪው ይኸው ነው፤ ቀኑ ያለቀ ዕለት የደርቢ ቀን ይሁን የሠርግ ቀን ግድ የለውም፣ ይጠቁራል።

«ዲኤስቲቪ ቤት አለ አይደል?» ትላላችሁ። አለ። እወደዋለሁም፤ የአርሰናልን ስቃይ በጋራ መሳቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለውም። ግን ልብ ብላችሁ ዙሪያችሁን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስንት እናት አያችሁ? ስንት የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጅ? ስንት ከዘራ የያዘ ሽማግሌ? ጨዋታው ከሳሎን ወጥቶ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ሲሄድ ወንበሩ ብቻ አይደለም የሚቀየረው፣ ተመልካቹም ይቀየራል። ወጣት ወንድና የመግቢያ ሳንቲም ያለው ይቀራል። የእንግሊዝ ሊግ እንዲህ ቢታይ ግድ የለኝም፣ የሌላ ሰው ኳስ ነው። የራሳችን ሊግ እንዲህ ሲታይ ግን የሚቀጥለው ትውልድ ደጋፊ ከየት እንደሚመጣ የሊጉ ሰዎች ያሰቡበት አይመስለኝም።

ጥቅምት 4 ቀን 2005ን አስታውሱ። ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ያለፉበት ቀን። አዳነ ግርማ፣ ከዚያ ሳላዲን ሰይድ። እኔ የሃይስኩል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ውስጥ ያን ጨዋታ ያዩት ሰዎች፦ አባዬ፣ እማዬ፣ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የማታውቀው አክስቴ፣ ከታች ያሉት ጎረቤቶች፣ ለመብራት ቆጣሪ ንባብ መጥቶ የቀረው ሰውዬ። ከዚያ ሁላችንም መንገድ ላይ ነበርን። ማንም ካርድ አልሞላም ነበር። ያን ዕለት መንገድ ላይ ያበደው ሕዝብ ግማሹ የኳስ ሰው አልነበረም፣ ቴሌቪዥኑ ክፍት ስለነበረ የኳስ ሰው የሆነ ነው። ይህን ነገር በገንዘብ የሚተምንልኝ የመብት ገዢ የለም፣ ሻጮቹ ግን መተመን ነበረባቸው።

አሁን «ታዲያ ምን ይደረግ፣ ኩባንያው በነፃ ያሳይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ኩባንያው ነጋዴ ነው። የገዛውን ይቆልፋል፣ ሥራው ነው። እኔ የምወቅሰው ሲሸጥ ምን እንደማይሸጥ ያልለየውን ነው። መቆለፍና አለመቆለፍ የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም፤ ማንኛውም የማሠራጫ መሐንዲስ እንደሚነግራችሁ አንድን ቻናል ክፍት ማድረግ የአንድ ቅንብር ጉዳይ ነው። ከመጫወቻው ሜዳ የሚወጣው ያው አንድ ምስል በአንድ በኩል ተቆልፎ ወደ 36 ዲግሪ፣ በሌላ በኩል ክፍት ሆኖ ወደ 57 ዲግሪ መሄድ ይችላል። የሚከለክለው ወረቀት ነው፣ ወረቀት ደግሞ ሰው ይጽፈዋል።

ይህን ነገር ሌሎች አገሮች በሕግ ጽፈውታል። እንግሊዝ አገር በክፍያ ቻናል ብቻ ሊቀርቡ የማይችሉ ውድድሮች ዝርዝር አለ፤ የዓለም ዋንጫው፣ ኦሊምፒኩ፣ የኤፍ.ኤ. ካፕ ፍጻሜው እዚያ ውስጥ ናቸው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ግን እዚያም የለበትም፤ የእነሱም በክፍያ ነው፤ ይህን ሳትነግሩኝ ቀድሜ ልናገር። ቢሆንም ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ማች ኦፍ ዘ ደይ» የሚባል ፕሮግራም አላቸው፤ ካርድ የሌለው ሰው የዕለቱን ጎሎች የዚያኑ ቅዳሜ ማታ ቢቢሲ ላይ ያያል። ሕንድ ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ አለ፦ ብሔራዊ ጠቀሜታ አላቸው ተብለው የተሰየሙ የስፖርት ውድድሮችን መብት የገዛ ጣቢያ ምስሉን ለሕዝብ ጣቢያው የማካፈል ግዴታ አለበት። የክሪኬት መብት በዓለም ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ይህ ሕግ ስላለ ገዢ አልጠፋም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሰማይን አይደለም። የውሉን ዓመት በጣታችሁ ቁጠሩት፤ በ2013 ጀመረ፣ አምስት ዓመት ነበር።  ገዢው ማንም ይሁን ማን፣ ከብዙው ጨዋታ በሳምንት አንዱ ኢትዮሳት ላይ ክፍት ይሁን። ሸገር ደርቢ ሁሌም ክፍት ይሁን። የብሔራዊ ቡድኑ ጨዋታ፣ የሴቶቹም ጭምር፣ ለድርድር አይቅረብ። የቀረው ጎል በጎሉ የዚያኑ ምሽት ይታይ። የቀሩትን ጨዋታዎች ይቆልፏቸው፣ የሚከፍል ይክፈል፣ እኔም ልከፍል እችላለሁ። ዋጋው ትንሽ ቢቀንስ ይቀንሳል። ክለቦቹ ያንን ልዩነት ሲያሰሉ ግን በሌላኛው ዓምድ ላይ ባዶውን መቀመጫም ይጻፉት።

አንዳንድ ጓደኞቼ «አንተ ለአንድ ሪሲቨር ይህን ሁሉ ፍልስፍና?» ይሉኛል። በቴክኒክ ሁለቱ አይጋጩም፣ ልክ ናቸው። የሚከፈልበትን ሰሃን ከነፃው ጎን መትከል ይቻላል፣ በረንዳው ይበቃል። የማውቀው ግን የሰውን ባህሪ ነው፤ የራሴንም ጨምሮ። ዋናው ሪሲቨር የሚከፈልበት ሲሆን ነፃው ይረሳል። ነፋስ ትንሽ ያዞረዋል፣ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ማንም ጣራ አይወጣም። ሃያ ቤት እንዲህ ሲያደርግ ነፃው መድረክ ላይ ጥሩ ነገር ለማቅረብ የሚጥር ጣቢያ ያጣል፣ ማስታወቂያ አስነጋሪውም ይሸሻል። የከፈለው ሰው የተሻለ ነገር አገኘ፣ ያልከፈለው ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ነገር ተረፈው። ይህን በራሴ እጅ፣ በወላጆቼ በረንዳ ላይ መጀመር አልፈልግም።

ስለዚህ አላስገባም። ለአባዬ ይህን ሁሉ አስረዳሁት፤ የሳተላይቶቹን ዲግሪ ዘልዬ፣ የሕንዱን ሕግ ጨምሬ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ጥሩ ነው» አለኝ፤ «እሱ እስኪሆን እኔ የት ልይ?»

ጥያቄው ልክ ነው፣ መልሱም ከእኔ ነው የሚጠበቀው። ቡና ሲጫወት ከቤታቸው አጠገብ ያለው ዲኤስቲቪ ቤት አብሬው እሄዳለሁ፤ ቀድሜ ደውዬ ከበሩ አጠገብ ወንበር አስይዛለሁ፣ ጭስ ስለማይስማማው። ሁለት ጊዜ ሄደናል። ባለፈው እማዬም ልሞክረው ብላ መጣች፤ እረፍት ሳይደርስ «አንገቴን አመመኝ» ብላ ተመለሰች።

ሌላውን ደግሞ በወረቀት ጀምረናል። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የክለቦቹ ነው። ክለቡ ደግሞ የደጋፊ ማኅበር አለው፣ አባዬ የደጋፊ መታወቂያ አለው፣ ክፍያውም አልተቋረጠም። ከላይ ያነሳኋቸውን ነገሮች ወደ አንድ ገጽ አሳጥሬ፣ ያለ መነጽር እንዲያነበው በትልቅ ፊደል አትሜለታለሁ። የደጋፊዎች ስብሰባ ሲጠራ የሚያነበው እሱ ነው። የእናንተም አባት የሆነ ክለብ መታወቂያ ካለው ወረቀቱን እልክላችኋለሁ፣ የክለቡን ስም ብቻ ቀይሩበት። የጊዮርጊስ ከሆናችሁም ቢሆን።